ሐኪም ወርቅነህና የሚያድን ምላጭ

ምላጭ በክፉ ሰው እጅ ሲሆን ይገድላል፥ በሐኪም እጅ ሲሆን ግን ያድናል። ሆኖም በሐኪም እጅም ቢሆን አደጋ የሌለበት ምላጭ የለም። ስለዚህ ጥበበኛ ሐኪም ከመቅደዱ አስቀድሞ ጥቅሙንና ጉዳቱን ይመዝናል። ከኢትዮጵያውያን ወገን ይህን ጥበብ በውጭ አገር ትምህርት ቤት አስቀድመው የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ገና ሕፃን ነበሩ። በዚያ ሁከት ሕፃኑ ከዘመዶቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን አዝኖለት ወደ ህንድ አገር ወሰደው፤ በራሱም ስም ቻርልስ አለው። በኋላ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ስለ ቻለለት ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ልጁ የእናቱን ቋንቋ ረሳ፤ ትምህርትን ግን ወደደ።

ወርቅነህ በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርት ተምረው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤዲንብራ ከተማ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ኤዲንብራ በቀዶ ጥገና ጥበብ የታወቀች ከተማ ነበረች። በዚያ ሲምሶን የተባለው ሐኪም በ1840 ዓ.ም. ክሎሮፎርም በሚባል መድኃኒት በሽተኛን አስተኝቶ ሕመም እንዳይሰማው ማድረግን አስተማረ። ሊስተር የተባለው ሐኪም ደግሞ ቁስልንና መሣሪያን በመድኃኒት ማንጻትን አስተማረ። ከእነርሱ በፊት የሚቀደድ ሰው በገመድ ታስሮ ይጮኽ ነበር፤ ከቀዶውም ቢተርፍ ቁስሉ መርቅዞ ብዙ ጊዜ ይሞት ነበር። ነገር ግን ክሎሮፎርም ከልኩ ሲያልፍ የሰውን ልብ ያቆማል። እንግዲህ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቅምና አደጋ አብረው ይኖራሉ፤ የሚለያቸውም የሐኪሙ ዕውቀትና ጥንቃቄ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ወሬ ተሰማ። በዚህ ጊዜ የአገራቸው ፍቅር ተነሣባቸው፥ ወገኖቻቸውንም ለመርዳት ቈረጡ። በዚያው ዓመት በጳጉሜን፥ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ፥ ሉድቪግ ሬን የተባለ ሐኪም በጩቤ የተወጋውን የአንድ ሰው ልብ በሐር ክር ሰፋ። ሰውየውም ዳነ። ከዚያ በፊት ብዙዎች ሐኪሞች ልብን በመርፌ መንካት አይቻልም ይሉ ነበር። ሬን የደፈረው ግን በከንቱ አይደለም፤ ዝም ቢል ሰውየው እንደሚሞት አይቶ ነው።

ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ሐኪም ወርቅነህ አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉ፥ በሽተኞችንም ያክሙ ጀመር። በዚያ ዘመን ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፥ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሰው በዚያ ይገናኛል፥ ወሬም ከዚያ ወደ አራቱ ማዕዘን ይሄዳል። ከመቅደላ ተወስዶ የቀረው ልጅ ሐኪም ሆኖ መመለሱም ከዘመዶቹ ጆሮ ደረሰ። አያታቸው ወደ ድንኳኑ መጡ፤ በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ቋንቋውና ስሙ ሲጠፋ ጠባሳው ምስክር ሆኖ ቀረ።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ግን እንደ ገና መጡ። ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ነገር ግን ሰውነትን ሽባ ለሚያደርገው ለዚያ በሽታ በዚያን ጊዜ ፈውስ አልተገኘለትም፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐኪም ሁሉን ማዳን አይችልም፤ የማይችለውንም ማወቅ ከዕውቀቱ አንድ ክፍል ነው።

በኋላም በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፥ በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያኖች ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፥ ብንያምንና ዮሴፍን፥ ገደሉባቸው። ይህን ታላቅ ኀዘን ተሸክመው አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በዚያው በ1945 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአሜሪካ አገር ዶክተር ጊበን በልብ ፈንታ ደምን የሚያዘዋውር መሣሪያ ተጠቅሞ የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ልብ ከፈተ፥ ቀዳዳውንም ደፈነ። እርስዋ ዳነች፤ ከእርስዋ በኋላ ግን ሌሎች ስለ ሞቱበት ሥራውን አቆመ። ሌሎች ሐኪሞች ጉድለቱን መርምረው አሻሻሉት። በ2001 ዓ.ም. ከፒያሳ ቍልቍል በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ።

በኢትዮጵያ የብዙ ልጆችን ልብ የሚያቈስለው በጊዜው ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ነው። ይህ ሕመም እየተመላለሰ ደም በልብ ውስጥ የሚያልፍባቸውን በሮች ያበላሻል። ሐኪም በሩን ሲጠግን ወይም ሲለውጥ፥ መተንፈስ ያቃተው ልጅ ተመልሶ ይሮጣል። አደጋውም አለ፤ ደም ሊፈስ፥ ቁስል ሊመረቅዝ፥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሰው ሠራሽ የብረት በር የገባለትም ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ ይውጣል።

ስለዚህ ጉሮሮው የታመመ ልጅ ሳይውል ሳያድር ለወላጆቹ ይንገር፤ በመድኃኒት የሚድነው ሕመም ምላጭ እስኪያሻው ድረስ አይቆይ። በደረቱ ላይ ጠባሳ ያለውን ባልንጀራ ያየ ልጅም አይሣቅበት። ያ ጠባሳ የውርደት ምልክት አይደለም፤ አደጋውን አልፎ ወደ ወገኖቹ የተመለሰ ሰው ምልክት ነው።