ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ)

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ (ከክርስትና በፊት ኩምሳ ሞረዳ) ከ1881 ዓ.ም. አካባቢ እስከ 1916 ዓ.ም. ገደማ ሌቃ ነቀምቴን የገዙ የወለጋ መስፍን ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት በጦር ሜዳ ሳይሆን፣ የንግድ አገር የነበረውን ግዛታቸውን ሥርዓቱ ሁሉ በተለወጠበት ዘመን ይዘው በመቆየታቸው ነው።

የሥርወ መንግሥቱ መሥራች አያታቸው በከሬ ጎዳና ናቸው። ነቀምቴ ከጎጃም፣ ከጅማና ከቤኒ ሻንጉል የሚመጡ ነጋዴዎች መገናኛ ስለነበረች የሌቃ ገዥዎች ኃይል ከገበያው ጋር የተሳሰረ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ማርና ቡና በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ይሸጥ ነበር። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ስለ ሌቃ ብልጽግና ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አባታቸው ሞረዳ በከሬ መጀመሪያ ወደ ጎጃም ያዘነበሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የራስ ጎበና ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ካሸነፈ በኋላ የሸዋን የበላይነት በሰላም ተቀበሉ። የጅማው አባ ጅፋርም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ሁለቱም ግብር እየከፈሉ ግዛታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው። በኃይል በተያዙት አገሮች ግን ሹም ከነወታደሩ ተመደበ፤ ገበሬውም የወታደሩ ገባር ሆነ።

ኩምሳ አልጋውን ሲወርሱ ይህ ስምምነት ገና አዲስ ነበር። ስማቸውን ለውጠው ክርስትና ተነሡ፤ የደጃዝማችነት ማዕረግም አገኙ። ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን የጽሕፈት ሥራቸው ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ የነበረው ቤተ መንግሥት ከአዲስ አበባ ጋር በአማርኛ ደብዳቤ መጻጻፍ፣ የሚላከውን ወርቅ በወቄት መዝግቦ መያዝ ጀመረ። በነቀምቴ ግቢ የተገኙት በርካታ ሰነዶች አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ በተባሉ የታሪክ ምሁራን ተሰብስበው ታትመዋል። ለታሪክ ተማሪ ከብዙ የጦር ዜና ይልቅ ጠቃሚ ናቸው፤ ግብር እንዴት ይሰበሰብ እንደነበር ያሳያሉና።

ራስን በራስ ማስተዳደሩ ዋጋ ነበረው። ወርቁ ካነሰ ወይም ከዘገየ ተጠያቂው ደጃዝማቹ ነበሩ፤ ሸክሙ ግን የሚወርደው ወርቅ አጣቢውና ገበሬው ላይ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምቱም የሌቃ ጦር አብሮ ዘምቷል። አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ የጎረቤታቸው የሌቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ ዕጣ ይመሰክራል፦ ጆቴም ለምኒልክ የገበሩ ነበሩ፤ በኋላ ግን ታስረው ሥልጣናቸውን አጡ።

በ1896 ዓ.ም. አናሲሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ ሲመለሱ ደጃዝማቹ በክብር ተቀበሏቸው። አናሲሞስ በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው ምጽዋ የደረሱ፣ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን በአስቴር ጋኖ እገዛ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ ሰው ናቸው። በነቀምቴ በኦሮምኛ ማስተማራቸው የካህናትን ክስ አስነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ በስደት ሲቀጧቸው ምኒልክ ፍርዱን አሻሩት። አናሲሞስ እንዳይሰብኩ ተከልክለው ወደ ነቀምቴ ተመለሱ። አዲስ ክርስቲያን ለሆነ፣ ሥልጣኑም በአዲስ አበባ በጎ ፈቃድ ላይ ለቆመ ገዥ እንዲህ ያለውን መምህር መቀበል ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ንግዱም መንገዱን እየለወጠ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ የምዕራቡ ቡናም በክረምት በመርከብ ወደ ሱዳን መውረድ ጀመረ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። የዝሆን ጥርስ እየቀነሰ ቡና ዋናው ሸቀጥ የሆነው በዚሁ ዘመን ነው።

ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ሌቃ ነቀምቴን እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ገዝተዋል። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በነቀምቴ ከተማ ይገኛል።