አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ሦስት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ወደ ውጭ አገር እንሂድ ወይስ አንሂድ፣ ከሄድንስ በኋላ እንመለሳለን ወይስ እዚያው እንቀራለን የሚለው ነው። ጥያቄው የተማሪ ብቻ አይደለም። ከዚህ ከወሎ ደጋ ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ ዓመታት ቆይተው ለወላጆቻቸው ቤት የሠሩ አሉ፣ ባዶ እጃቸውን የተመለሱም አሉ፣ እንደ ወጡ የቀሩም አሉ። ስለዚህ ነገሩ የሻይ ሰዓት ጨዋታ ሆኖ የሚቀር ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው። እኛም ክርክሩን በባዶ ሜዳ ከምናካሂደው፣ ከ370 ዓመታት በላይ በፊት ከዚሁ ደጋ ወጥተው በሰው አገር ረጅም ዘመን የቆዩትን የአንድ ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን።

እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የተወለዱት በ1595 ዓ.ም. ገደማ በአምሐራ ምድር በመካነ ሥላሴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ዘመን አምሐራ ሲባል ከበሽሎ ወንዝ በስተደቡብ ያለው፣ ዛሬ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ የምንለው አገር ነበር። መካነ ሥላሴ ስሙ ከመካነ ሰላም ከተማ ስም ጋር ስለሚቀራረብ የሚያምታቱት ጓደኞች አሉን፤ ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ስፍራ ነበር። ይህንንም ቤተ ክርስቲያን በ1531 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከቃጠሎው ስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ የቀድሞው ክብር በአፍ ብቻ በሚተረክበት ጊዜ ነው።

ከአገር ያስወጣቸው የሃይማኖት ክርክር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን ገለጹ፤ በ1625 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴስ የተባለው የፖርቱጋል ተወላጅ ፓትርያርክ ሆኖ መጣ። ከዚህ በኋላ አገሪቱ በአመፅና በደም ታመሰች። በ1632 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ክርክር ከካቶሊኮቹ ወገን ስለ ነበሩ ስደት ዕጣቸው ሆነ። እኛ ዛሬ ማን ትክክል ነበር ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ማስተዋል የሚገባን እኒህ ሰው አገራቸውን ጠልተው ያልወጡ መሆናቸውን ነው።

በመጨረሻ የደረሱት ሮማ ነው። በዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ከእሳቸው አንድ መቶ ዓመት በፊት አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ እዚሁ ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። ስለዚህ ገዳሙ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ማረፊያም ማስተማሪያም ሆኖ የቆየ ቤት ነው።

በ1649 ዓ.ም. ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ የኤርፉርት ተወላጅ ጀርመናዊ ወደዚህ ገዳም መጣ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር፤ ማለት የኛ እኩያ ነበር። ግዕዝን ከመጻሕፍት ለብቻው ያጠና ስለ ነበረ ፊደሉን ያውቃል፤ ንባቡ ግን የመጽሐፍ እንጂ የአፍ አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ በዚያን ጊዜ 54 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። ሁለቱም በደንብ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው ግዕዝ መነጋገሪያቸው ሆነ። ከመቅደስና ከመጽሐፍ ሌላ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ የቀረው ልሳን፣ በሮማ ከተማ አንድ የአምሐራ ምድር ቄስና አንድ ጀርመናዊ ወጣት ጥያቄና መልስ የሚለዋወጡበት ቋንቋ ሆነ። ከግዕዙም ጋር አማርኛውን አስተማሩት። ሽማግሌው መምህር፣ አውሮጳዊው ደግሞ ብዕርና ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ደቀ መዝሙር ነበረ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1652 ዓ.ም. የሳክስ ጎታው መስፍን ልዑል ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር ጠሯቸው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመት ነበር፤ ብዙ መንደር እንደ ፈረሰ ነው። አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ደረሱ፤ በኛ አገር ክረምት በነሱ ግን በጋ በሆነበት ወራትም በመስፍኑ ቤት ተቀመጡ። መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ ልማድ ይጠይቋቸው ነበር፤ መልሳቸውም በጽሑፍ ይያዝ ነበር። ጥቂት ወራት ከቆዩ በኋላ እንደገና ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ሮማም ሆነ ጎታ ለእሳቸው ማረፊያ እንጂ አገር አልሆነም።

በ1658 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በባሕር ተነሡ። ዕድሜያቸው 63 ዓመት ገደማ ነበር። ከአገር ያስወጧቸው ዐፄ ፋሲለደስ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እሳቸው ግን መንገዱን ጀመሩ። መርከባቸው በእስክንድሮን አጠገብ በሜዲትራንያን ባሕር ሰጠመችና ሕይወታቸው በዚያ አለፈ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሥራቸው ግን አልሰጠመም። ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ዓ.ም. በሎንዶን አሳተመ። በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1691 ዓ.ም. ደግሞ የዚያን ታሪክ ማብራሪያ አወጣ። በ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ፤ ይህም አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሉዶልፍ መምህሩን አልካደም፤ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በስማቸው ጠርቶ ጽፏል፣ ሥዕላቸውም እንዲቀረጽ አድርጓል። ልዑል ኤርንስትም በ1663 ዓ.ም. ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብ የተባለውን ሰው ወደ ኢትዮጵያ ልከው ነበር፤ እሱ ግን ከግብፅ አላለፈም።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከመካከላችን ወደ ውጭ መሄድ ማለት የጎደለንን ለመሙላት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። አባ ጎርጎርዮስ በአውሮጳ የተከበሩት እዚያ ባገኙት ዕውቀት አልነበረም። ከመካነ ሥላሴ ይዘውት በወጡት ግዕዝ፣ አማርኛና የአገር ታሪክ ነው። የአገሩን ነገር ሳያውቅ የሚወጣ ሰው በሰው አገር ተቀባይ ብቻ ሆኖ ይኖራል፤ ሲጠየቅም የሚመልሰው የለውም።

ሁለተኛው ነገር ያሳዝናል። ያ ሁሉ ትምህርት የተጻፈው በላቲን ነው። የኤርፉርትና የሎንዶን ሊቃውንት ሲያነቡት የአምሐራ ደጋ ልጆች አላነበቡትም። መምህሩ ከኛ፣ መጽሐፉ ከነሱ ሆነ። በዚህ አባ ጎርጎርዮስን አንወቅስም፤ መንገድ ላይ ሞት ቀደማቸው። የኛ ዕዳ ግን ይኸው ነው። በውጭ አገር ሦስት ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት የሚቆይ ሰው፣ ያየውንና የጻፈውን በአገሩ ቋንቋ ለአገሩ ሰው ካላደረሰ ገላው ቢመለስም ሥራው እንደ ተሰደደ ይቀራል።

ስለዚህ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሂዱ ወይም ቅሩ ብለን ልንመክራችሁ አንችልም። የጉዞ ወረቀታችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ተቀመጡ፤ የአገራችሁን ነገር ጠይቁ፣ ጻፉም። በሰው አገር አንድ የ25 ዓመት ወጣት ብዕሩን ይዞ ሊጠይቃችሁ ይመጣ ይሆናል።