ዋርዳ ቡትሮስ፦ ለሠራተኛው መብት የወደቀች ሴት

ዋርዳ ቡትሮስ ኢብራሂም ቤይሩት ውስጥ «ሬጂ» በሚባለው የትምባሆ ድርጅት ሠራተኛ ነበረች። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያስከተለው የኑሮ ውድነት የሠራተኛውን ቤተሰብ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 1946 የድርጅቱ ሴቶችና ወንዶች የደመወዝ ጭማሪና ቋሚ ቅጥር ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ጁን 27 ቀን ሴቶቹ በማር ሚኻይል ሲጋራ የጫኑ መኪኖች እንዳይወጡ መንገድ ሲዘጉ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ዋርዳ ሞተች፤ ብዙዎችም ቆሰሉ።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ የሊባኖስ የሥራ ሕግ ታወጀ። አንቀጽ 7 ግን የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። በዓይን ኤል ረማነህ ቤቶች የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያትም ዋርዳ ከሞተችለት ጥበቃ ዛሬም ውጭ ናቸው።