ኤንሪኮ ፌርሚ
ኤንሪኮ ፌርሚ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 – ኖቬምበር 28 ቀን 1954) ጣሊያን ተወልዶ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የመጀመሪያውን የኑክሌር ማብላያ በመገንባት ነው። በሕይወቱ መጨረሻ የሠራው ስሌት ግን በአንድ መስመር በተደረደሩ ቅንጣቶች ውስጥ ኃይል እንዴት እንደሚተላለፍ ለሚመረምረው ጥናት መነሻ ሆኗል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሕይወቱ

ፌርሚ የተወለደው ሮማ ነው። በ13 ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ጁሊዮ በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ላይ ሞተበት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜውን በፊዚክስ መጻሕፍት ያሳልፍ ነበር። በ1922 በፒሳ ዶክትሬቱን አገኘ። በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ብዙ ክፍሎች ያሉት ሥርዓት በጥቅሉ ሲታይ ከጊዜ ብዛት ኃይሉን ለሁሉም ክፍሎቹ እንደሚያዳርስ ለማረጋገጥ ሞከረ።

በ1926 ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት የኳንተም ሁኔታ ሊይዙ ስለማይችሉ የሚከተሉትን የስታትስቲክስ ሕግ አወጣ። ፖል ዲራክም በዚያው ዓመት ለብቻው ስለደረሰበት ሕጉ በሁለቱ ስም ይጠራል። በብረት ውስጥ ኤሌክትሪክና ሙቀት እንዴት እንደሚጓዙ የተብራራው በዚህ ሕግ ነው።

በ1938 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን አገኘ። ባለቤቱ ላውራ አይሁዳዊት ስለነበረች የፋሺስት መንግሥት ባወጣው የዘር ሕግ ምክንያት ከስቶክሆልም ወደ ጣሊያን ሳይመለስ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያው ማብላያ በእርሱ መሪነት ሥራ ጀመረ። ከዚያም በአቶም ቦምብ ሥራ ተሳትፏል።

የሰንሰለቱ ስሌት

በ1953 ፌርሚ ከጆን ፓስታና ከስታኒስላቭ ኡላም ጋር የወጣትነት ጥያቄውን በሎስ አላሞስ ማኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ፈተነ። በሞላ የተያያዙ እስከ 64 የሚደርሱ ቅንጣቶችን በአንድ መስመር አስበው፣ ኃይሉን ሁሉ ለአንድ የንዝረት ዓይነት ሰጡ። ፕሮግራሙን የሠራችው ሜሪ ጺንጉ ነበረች። ኃይሉ ለሁሉም ንዝረቶች እኩል እንዲከፋፈል ቢጠበቅም፣ ለጥቂቶቹ ብቻ ከደረሰ በኋላ ከሞላ ጎደል ወደ መጀመሪያው ንዝረት ተመለሰ። ፌርሚ በ53 ዓመቱ በጨጓራ ካንሰር ሞተ፤ ዘገባው የወጣው በ1955 ነው። ጺንጉ በደራሲነት አልተመዘገበችም፤ ዛሬ ግን ችግሩ በአራቱም ስም መጠራት ጀምሯል።

ከሞቱ በኋላ

በ1965 ኖርማን ዛቡስኪና ማርቲን ክሩስካል የኃይሉን መመለስ ሲመረምሩ፣ ተጋጭተው ቅርጻቸውን ሳይለውጡ የሚተላለፉ ማዕበሎችን አገኙ፤ ሶሊቶን አሏቸው። ተመሳሳይ ባሕርይ በኳንተም ሥርዓትም ታይቷል። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የሩቢዲየም አቶሞች በሌዘር ብርሃን በቀጭን መስመሮች ታጥረው ከሚዛናቸው ሲወጡ፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተጋጭተውም የሙቀት ሚዛን ላይ አልደረሱም። በአንድ መስመር ላይ የሚጋጩ እኩል ክብደት ያላቸው ቅንጣቶች ፍጥነት ከመለዋወጥ በቀር አዲስ ፍጥነት አይፈጥሩምና።

100ኛው ንጥረ ነገር ፌርሚየም የተሰየመው ለእርሱ መታሰቢያ ነው።