ኢብኑ ሲና ደረሳዎቹን ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምን አስተማረ?

ዛሬ የምናወጋችሁ በረመዳን ወር ስለሞተ ሐኪም ነው። ኢብኑ ሲና የተወለደው እ.ኤ.አ. በ980 በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን፣ ቡኻራ አቅራቢያ ነው። በ10 ዓመቱ ቁርኣንን ሐፍዟል። 16 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ነባር ሐኪሞች እሱ ዘንድ እየመጡ ይማሩ ነበር።

የኢራኗ ሐመዳን ከተማ ወዚር በነበረበት ጊዜ ቀኑ በመንግሥት ሥራ ስለሚያልቅበት የሚያስተምረው ሌሊት ነበር። ደረሳዎቹ ቤቱ ተሰብስበው አል-ቃኑን ከተባለው ባለ5 ክፍል የሕክምና መጽሐፉ ተራ በተራ ያነባሉ። በዚህ መጽሐፍ ዐረቦች ሲል የሚሉት፣ እኛ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ የምንለው በሽታ ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉት ተርታ ተመድቧል። ጠባብ ቤት ተላላፊ በሽታን እንደሚያባብስም ተጽፏል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ዘመን ይህን ማስተዋል ቀላል አይደለም።

ግን እዚያው አለፍ ብሎ ያንኑ በሽታ በዘር ከሚወረሱትም ቆጥሮታል። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያስሉ አይቶ ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ውስጥ ወደ ላቲን ተተረጎመ። የአውሮፓ የሕክምና ተማሪዎችም እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሲማሩበት ትክክሉንም ስህተቱንም አብረው ወሰዱ። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ቲቢ በሚያስል ሕመምተኛ ትንፋሽ እንጂ በዘር እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደም እንደሚድን የዛሬ የሕክምና ተማሪ ያውቃል። በየቤቱ ግን የዘር ነው እየተባለ ሳል የሚደብቅ አሁንም አለ።

ደረሳው አል-ጁዝጃኒ አንድ ታሪክ ትቶልናል። ኸዋሪዝም ውስጥ ሲል የያዛትን ሴት ኢብኑ ሲና ሌላ መድኃኒት ከልክሎ፣ በስኳር የተዘጋጀ ጽጌረዳ ብቻ እንድትወስድ አዘዛት። በጊዜ ብዛት 100 መን (የዘመኑ የክብደት መለኪያ ነው) ጨርሳ ዳነች ይላል። ዛሬ እንዲህ የሚያዝ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ኢብኑ ሲና ራሱን የጣለው የሆድ ሕመም ነበር። አቅሙ ሲያልቅ መታከሙን ተወ። ባሮቹን ነፃ አወጣ፣ ገንዘቡን ለድሆች ሰደቃ አደረገ፣ ቁርኣንን በየሦስት ቀኑ ያኸትም ጀመር። በ428 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1037) በረመዳን ሐመዳን ላይ ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ነው።