ድሜጥሮስ ዘእስክንድርያ፦ የባሕረ ሐሳብ ሠንጠረዥና የቅጂ መብት

ድሜጥሮስ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ189 እስከ 232 ዓ.ም. በመንበረ ማርቆስ ተቀምጧል። ትውፊት እንደሚተርከው ከሹመቱ በፊት ከመጻሕፍት ትምህርት የራቀ ባለትዳር ገበሬ ነበር፤ ያለ ወቅቱ ያፈራ የወይን ዘለላ ይዞ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ዩልያኖስ በቀረበ ጊዜ ተተኪነቱ ታወቀ። በዘመነ ሹመቱ አርጌንስን የእስክንድርያ ትምህርት ቤት ኃላፊ አደረገ፤ በኋላ ግን ያለ ፈቃዱ ክህነት ስለ ተቀበለ ከኃላፊነቱ አሰናበተው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ድሜጥሮስን አብልጠው የሚያወሱት በባሕረ ሐሳብ ነው። አጽዋማትና በዓላት ከተገቢ ዕለታቸው እንዳይወጡ በመመኘት በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባዔ እንደ ያዘ ይነገራል። 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ተባዝቶ ሲገደፍ ደግሞ 19 ይተርፋል፤ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7516 በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንዱ ሲታተት ወንበሩ 10 ይሆናል። 10 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ነው። በሶዶም ሆነ በጎንደር ያሰላ ሁሉ ከዚሁ ውጤት ይደርሳል።

የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው በ19 ዓመት ዑደት የተመሠረተውን የፋሲካ ስሌት ከድሜጥሮስ ዕረፍት በኋላ፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከነበረው ከሎዶቅያው አናቶልዮስ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ የሠንጠረዡ አመንጪ ማን እንደ ሆነ ማከራከሩ አልቀረም፤ የባለቤትነት ጥያቄ ግን በአገራችን ሕግ መልስ አለው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 5 ሐሳብን፣ ዘዴን፣ ቀመርን፣ የቁጥር ሠንጠረዥንና ጥሬ መረጃን ከጥበቃ ውጭ ያደርጋል። የመረጃ ስብስብ የሚጠበቀው በአመራረጡ ወይም በአደረጃጀቱ ወጥ ሲሆን ብቻ ነው፤ የስሌቱ ድካም መብት አያስገኝም። በወላይታ ሶዶ የቀን መቁጠሪያ የሚያሳትም ሰው የአበቅቴንና የበዓላትን ቁጥሮች ያለ ማንም ፈቃድ ሊያትም ይችላል፤ የሌላውን ሥዕልና ማብራሪያ ግን አይገለብጥም።

ከዚህ ነጻነት ጋር ምንጭን የመጥቀስ ግዴታ መምታታት የለበትም። የሌላውን የስሌት ሠንጠረዥ በመመረቂያ ጽሑፉ የሚያሰፍር ተማሪ በቅጂ መብት ባይጠየቅም፣ የአስሊውን ስም ቢሰውር በምርምር ሥነ ምግባር ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 12 የምታስበው ድሜጥሮስም በቁጥሮቹ ላይ አንዳች ብቸኛ መብት ሳይኖረው ስሙ ከባሕረ ሐሳብ ጋር እስከ ዛሬ ይጠራል።