ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፤ የትንንሽ አይሮፕላኖች ነጂ

በታላላቅ አይሮፕላኖች ስማቸውን ያስጠሩ ነጂዎች አያሌ ናቸው። በትንንሾቹ ታላቅ ሥራ የሠሩት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ ስዊድናዊው ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ዛሬ የርሱን ታሪክ ለማቅረብ ያነሣሣን በዱብሉቅ የሚገኙ ጥቂት ተማሪዎች ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። እነዚህ ወጣቶች በሽቦ እየተመራ የሚበር የአሮጌ ዘመን አይሮፕላን አምሳያ ሊሠሩ አስበው፥ የትኛውን አብነት ብናደርግ ይሻላል ሲሉ ጠየቁን። እኛም አይሮፕላኑን ከመምረጥ አስቀድሞ ነጂውን ማወቅ ይበጃል ብለን ይህን ጻፍን።

ካርል ጉስታፍ ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን አገር ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አባቱ ኮንት ኤሪክ በአፍሪካ የተዘዋወረ አገር አሳሽ ነበር። በየካቲት ወር 1912 ዓ.ም. አባቱ ከስቶክሆልም ወደ ቤቱ ለመመለስ አንድ ጀርመናዊ አይሮፕላን ነጂ ተከራይቶ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ በሮ መጣ፤ አይሮፕላኑም በርስታቸው አጠገብ ውሃው በበረዶ በጠጠረ ሐይቅ ላይ ዐረፈ። ያ ነጂ ኸርማን ጎሪንግ ነበር። ጎሪንግ በዚያ ቤት የኮንቴሷን እኅት ካሪንን አይቶ ወደዳት፥ በኋላም አገባት። ካርል ጉስታፍ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የአክስቱ ባል ኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ ይሆናል ብሎ ማን ይገምታል?

ልጁ ሲያድግ ከትምህርት ይልቅ ሞተር ወደደ፤ መብረርም ተምሮ በየከተማው እየዞረ በአየር ላይ ትርኢት በማሳየት ይኖር ጀመር። ይህ ሥራ ለመኳንንት ልጅ የሚያስከብር አልነበረም። ዳሩ ግን ከመሬት ሳይርቁ መብረርን ያስተማረው ይኸው ትርኢት ሳይሆን አልቀረም።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ስዊድን የቀይ መስቀል ሐኪሞችን ላከች። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ አይሮፕላኖች በደቡብ ጦር ግንባር፥ በዶሎ አቅጣጫ በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ሐኪም ቤት በቦምብ ደበደቡት፤ በድንኳኑ ውስጥ ተኝተው የነበሩ ብዙ ቍስለኞችና አንድ ስዊድናዊ ረዳት ሞቱ። በሚከተለው ወር ነገሌ በጠላት እጅ ወደቀች። በድንኳኑ ላይ የተዘረጋው የቀይ መስቀል ምልክት ማንንም አላዳነም። ኮንት ሮዘን የ26 ዓመት ጐልማሳ ሳለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አይሮፕላን ሊነዳ የመጣው በዚህ ዓይነት ጦርነት መካከል ነው። አይሮፕላኑ ኤች ዲ 21 የሚባል ሃይንከል ነበር፤ በላይና በታች ሁለት ሁለት ክንፍ ያለው፥ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፥ ለተማሪ ነጂዎች ማሠልጠኛ የታሰበ አሮጌ ዓይነት ነው። መሣሪያ አልያዘም። ከጠላት ተዋጊ አይሮፕላን የሚያመልጠው ዛፍና ሸለቆ ተጠግቶ በመብረር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ተማሪዎቻችን ጥያቄ ጥቂት እንመለስ። በዚያው በ1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በአዲስ አበባ አንድ ሞተርና ሁለት መቀመጫ ያላት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጠላት ወደ ኢጣልያ ወስዷት እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. ድረስ ሳትመለስ ቈይታለች። ስለዚህ አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሃይንከሉም ፀሐይም አሉ። ለጀማሪ ግን ፀሐይ ትሻላለች እንላለን፤ የሁለት ሁለት ክንፍ አይሮፕላን ምሰሶና ማገር ሲያስተካክሉ ትዕግሥት ያልቃልና።

በሽቦ የሚመራ አምሳያ ከ1930 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአሜሪካ የተስፋፋ ብልኃት ነው። ነጂው መካከል ላይ ቆሞ እጀታ ይይዛል፤ ከእጀታው ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተነሥተው በአምሳያው ሆድ ውስጥ በምሶሶ ላይ ከተተከለች ትንሽ ብረት ጋራ ይታሰራሉ። አንዱ ሽቦ ሲሳብ ብረቲቱ ትዞራለች፤ ከርሷ ጋራ የተያያዘው ዘንግ የጅራቱን ተንቀሳቃሽ አግድም ክንፍ ከፍ ሲያደርገው አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሌላው ሲሳብ ወደ ታች ያዘነብላል። ሌላ መሪ የለውም። ሽቦው እንዳይላላ የውጭው ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቂት እርሳስ ይደረጋል፥ ቀጥ ብሎ የቆመውም የጅራት ክንፍ በመጠኑ ወደ ውጭ ይጠመዘዛል። ሽቦው ከላላ ነጂው አምሳያውን አጣው ማለት ነው። በዱብሉቅ ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት አይገኝም፤ የዱብሉቅ ሜዳ ግን ሰፊ ነው፤ ከብቱ ለውሃ ወደ ኤላው ሳይጐርፍና ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ መሞከር ነው። ያ አምሳያ ከመሬት ጥቂት ክንድ ከፍ ብሎ ሲዞር ያየ ሰው፥ ዝቅ ብሎ ለሚበር ነጂ አንዲት ቅጽበት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ይገባዋል።

ኮንት ሮዘን ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ በሆላንድ አየር መንገድ ተቀጠረ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ሥራውን ትቶ ለፊንላንድ ዘመተ፤ ለመንገደኞች የተሠራ ዲ ሲ 2 አይሮፕላን ቦምብ እንዲጥል አስለውጦ ወደ ጠላት ወረዳ በረረበት። ቀጥሎ በእንግሊዝ አየር ኃይል ጀርመንን ለመውጋት ቢጠይቅም የጎሪንግ ዘመድ ነህ ተብሎ ሳይቀበሉት ቀሩ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የኢትዮጵያ መንግሥት አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ስዊድናውያንን ጠራ፤ ኮንት ሮዘንም በቢሾፍቱ የመጀመሪያዎቹን ሠልጣኞች ያስተምር ዘንድ መጣ። በ1939 ዓ.ም. ያደረገው ጕዞ ብቻውን ስሙን ያስጠራው ነበር። ሳፊር የተባለች ባለ አንድ ሞተር የማሠልጠኛ አይሮፕላን ተጨማሪ ነዳጅ አስጭኖ ከስቶክሆልም ተነሣ፤ በመንገድ አንድም ጊዜ ሳያርፍ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ፥ ከ30 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ። የሞተሯ ጕልበት ከ150 የፈረስ ጕልበት አይበልጥም ነበር! በቢሾፍቱ እስከ 1948 ዓ.ም. ገደማ ቈየ።

ከዚያ በኋላ በኮንጎ ለተባበሩት መንግሥታት በረረ። የዋና ጸሐፊው የዳግ ሐመርሾልድ ነጂ ሆኖ ሳለ፥ በመስከረም 1954 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊው በአደጋ በሞቱበት ቀን ታሞ ስለ ነበር ከሞት ተረፈ።

አሁን ሰውን ሁሉ የሚያከራክረው ነገር ላይ ደረስን። በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ተገንጥላ በተከበበችው በቢያፍራ ሕፃናት በረኃብ ሲያልቁ፥ ኮንት ሮዘን ዝቅ ብሎ በመብረር ከበባውን ጥሶ እህልና መድኃኒት አደረሰ። በሚከተለው ዓመት ግን ኤም ኤፍ አይ 9 የተባሉ አምስት የስዊድን አይሮፕላኖች አስገዝቶ በክንፎቻቸው ሥር ሮኬት አስገጠመ። የዚህ አይሮፕላን ንድፍ አንድ መሐንዲስ በትርፍ ጊዜው ካወጣው ንድፍ የመጣ ነው፤ ሞተሩ 100 የፈረስ ጕልበት አለው፥ ክንፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ሜትር ተኩል አይሞላም። ከግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ መጫወቻ የሚመስሉ አይሮፕላኖች በዛፍ አናት ከፍታ እየመጡ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ፤ በመሬት የቆሙ የጦር አይሮፕላኖችንም ጐዱ።

ደጋፊዎቹ፥ እህል የሚያመጡትን ከሚመቱት አይሮፕላኖች ለማዳን ነው ብለው ይሟገቱለታል። እኛ በዚህ ነገር ልባችን አይረጋም። በ1928 ዓ.ም. መሣሪያ በሌለው አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ የቦምብን ክፋት ያየ ሰው፥ ወደ ሮኬት ሲመለስ ማየት ይከብዳል። ደግሞም ጦርነቱ በእርሱ ሮኬት ከመሸነፍ አልዳነም፤ ቢያፍራ በ1962 ዓ.ም. እጇን ሰጠች። ሆኖም ከመልካ ዲዳ ወዲህ ቀይ መስቀልን የሚያከብር ጠላት እንደሌለ የተረዳ ነጂ ምን ማድረግ ነበረበት ብሎ ለሚጠይቀን ወጣት፥ ፈጥነን የምንሰጠው መልስ የለንም።

በ1966 ዓ.ም. በአገራችን ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ሽማግሌው ነጂ ተመልሶ መጣ። ከቢያፍራ አይሮፕላኖች ጋራ አንድ ወገን በሆኑ፥ በጥቂቱ ከፍ ባሉ አይሮፕላኖች ክንፍ ሥር፥ በሮኬት ፈንታ የእህል ጆንያ አንጠለጠለ። መንገድ በሌለበት ቀበሌ እጅግ ዝቅ ብሎ እየበረረ ጆንያውን ለሕዝቡ ይጥል ነበር። የትርኢት ዘመን ዕውቀቱን ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመበት እዚህ ላይ ይመስለናል።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን በጎዴ ከተማ ሳለ የሶማሊያ ጦር በድንገት አደጋ ጣለ። ኮንት ሮዘን በመሬት ላይ እንዳለ በዚያ ተኩስ ተገደለ። 68 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር።